ከአባዬ ጋር ቀይ ቀበሮ ፍለጋ፦ ባሌ ላይ አራት ቀን

አባዬ በ1972 ዓ.ም ገና የ23 ዓመት ጎረምሳ እያለ ጎባ የባዮሎጂ አስተማሪ ሆኖ ተመደበና ሦስት ዓመት እዛ ኖረ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከከተማዋ በላይ ያለውን ተራራ ጠዋት ማታ እያየ ሳነቴ ሚባለው አምባ ላይ ግን አንድም ቀን አልወጣም። መኪና የለም፣ ቅዳሜና እሁድ ፈተና እርማት ነው፣ ከዛ ዝውውር መጣለትና አዲስ አበባ ገባ፣ አገባ፣ እኛን ወለደ፣ በቃ በዛው ቀረ። ልጆች ሆነን ስለ ቀይ ቀበሮ ሲያወራ እንሰማ ነበር፣ ግን ሚነግረን ከተራራው የሚመጡ ተማሪዎቹ ያወሩለትን እንጂ ራሱ በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ዘንድሮ 69 ሞላው። እኔና ወንድሜ እንግዲህ ይሄ ነገር መቼ ነው ሚሆነው ተባባልንና ህዳር ላይ ፈቃድ ሞልተን፣ ለከፍታው ችግር የለውም ወይ ብለን ሐኪሙን ጠይቀን፣ ከአጎታችን መኪና ተውሰን ወጣን።

ቀን 1፣ ማክሰኞ

ከአዲስ አበባ ሌሊት 11 ሰዓት ነው የተነሳነው። መንገዱ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ በሻሸመኔ በኩልም ይኬዳል ግን አባዬ በድሮው መንገድ በአሰላ ካልሆነ አለ። አዳማ ቁርስ፣ አሰላ ቡና፣ በቆጂ ስንደርስ ደግሞ መኪናው ይቁም ብሎ ወርዶ አየሩን ሳበው። የደራርቱ፣ የቀነኒሳ፣ የጥሩነሽ አገር ናት እኮ፣ ጠዋት መንገድ ዳር ሚሮጡ ልጆች አሁንም አሉ። ከዛ በኋላ አሳሳ፣ ዶዶላ፣ አዳባ እያለ ስንዴ ብቻ ነው፣ ዓይን እስከሚደርስበት ቢጫ፣ ኮምባይነሮቹ እያጨዱ አቧራቸው ከሩቅ ይታያል።

ዲንሾ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ወንድሜ በድንገት ፍሬን ያዘ። መንገዱ ጋይሳይ ሚባለውን ሜዳ አቋርጦ ነው ሚያልፈው፣ እና ከአስፋልቱ ምናልባት ሠላሳ ሜትር ላይ አንድ ትልቅ ወንድ የደጋ አጋዘን ቆሟል። ኒያላ ሚባለው ማለት ነው። ቀንዱ ተጠማዞ ወደ ላይ የወጣ፣ አንገቱ ስር ነጭ ምልክት፣ ጀርባው ላይ የቆመ ጸጉር። እኔ ስልኬን ስፈልግ አባዬ ኪሱን መፈተሽ ጀመረ፣ ምን እየፈለግክ ነው ስለው የድሮውን አስር ሳንቲም አወጣ። ለካ ሳንቲሙ ላይ ያለው እሱ ነው! ስንት ዓመት በእጃችን ይዘነው፣ ማስቲካ ገዝተንበት፣ አንድ ቀን እንኳ ምን እንደሆነ ሳናየው። አባዬ ሳንቲሙን ወደ መስኮቱ ዘርግቶ አንዴ ሳንቲሙን አንዴ እንስሳውን ያያል።

ያን ማታ ዲንሾ ፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት አጠገብ አደርን። ከፍታው ወደ 3,100 ሜትር ነው፣ ብርዱ አጥንት ውስጥ ይገባል። ሦስታችንም በጋቢ ተጠቅልለን ሻይ በላይ በላዩ ጠጣን።

ቀን 2፣ ረቡዕ

ጠዋት የመግቢያ ክፍያ ከፈልንና አንድ የዲንሾ ልጅ ጋይድ ሆኖ አብሮን ሄደ። ዕድሜው ከሠላሳ አይበልጥም ግን ዓይኑ ሌላ ነው፣ እኛ ቁጥቋጦ ብቻ በምናይበት ቦታ እሱ አምስት እንስሳ ይቆጥራል። አባዬን ጋሼ ይለዋል፣ አባዬ ደግሞ ከአርባ ዓመት በላይ አፉ ላይ ያልነበረ ኦሮምኛ እየተመለሰለት «አካም ጅርታ» ብሎ ጀመረና እየቆየ እየቆየ ሙሉ ወሬ ሆነ። እኔ አጠገቡ ሆኜ አባቴን እንደ አዲስ ሰው ነው የሰማሁት፣ እውነት።

በእግር ጥዱና ኮሶው ውስጥ ገባን። እዚህ ያሉት አጋዘኖች ሰው ለምደዋል፣ ሴቶቹ (ቀንድ የላቸውም) ከነግልገላቸው ቁጭ ብለው ያመሰኳሉ፣ በአስራ አምስት ሜትር ብናልፍም አይነሱም። ከርከሮ ቤተሰብ ጭራውን አንቴና አርጎ ሲሮጥ አየን፣ የምኒልክ ድኩላ ሚባለውን ጥቁሩን ድኩላ አየን፣ ጋይሳይ ሜዳው ላይ ደግሞ ቦሆር ሚባሉት የአጋዘን ዘመዶች ሣር ውስጥ ተኝተው ጆሯቸው ብቻ ይታያል። ጋይዱ እንዳለን የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለም፣ ለዓለም ሳይንስም የታወቀው በጣም ዘግይቶ ነው፣ በ1908 እ.ኤ.አ. አንድ እንግሊዛዊ መኮንን አድኖ ናሙናውን ከወሰደ በኋላ በ1910 እ.ኤ.አ. ስም ወጣለት። ከአፍሪካ ትልልቅ አጋዘኖች መጨረሻ ላይ የታወቀው እሱ ነው። እዚህ አገር ሰው ግን መቼም ያውቀዋል፣ «ተገኘ» ሚለው ቃል ትንሽ ይከነክነኛል።

አንድ ነገር ልቤን ነካው። በ1983 ዓ.ም መንግሥት ሲለወጥ በነበረው ግርግር ፓርኩ ጠባቂ አጥቶ ብዙ አጋዘን ተገድሏል፣ የተረፉትም እዚሁ ዲንሾ መሥሪያ ቤቱ ግቢ አካባቢ ተጠግተው ነው የተረፉት። አሁን ሰው ሳይፈሩ ሚያመሰኩት እንግዲህ የነዛ ዘሮች ናቸው። ጋይዱ ይሄን ሲነግረን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፣ አጠገባችን ያለችው እናት እንዳትሰማው የፈራ ይመስል።

ከሰዓት ሮቤን አልፈን ጎባ ገባን። አባዬ የድሮ ቤቱን ፈለገ፣ አላገኘውም፣ ቦታው ላይ ፎቅ ተሠርቷል። ብዙ አላወራም፣ እራት በልተን በጊዜ ተኛን።

ቀን 3፣ ሐሙስ

የመጣንለት ቀን ይሄ ነው።

ከጠዋቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነሳን፣ ጨለማ ነው፣ የመኪናው መስታወት ላይ በረዶ ጋግሯል። ጎባ ወደ 2,700 ሜትር ናት፣ ሳነቴ ደግሞ 4,000 ነው፣ ስለዚህ በአጭር ሰዓት ውስጥ ከሺ ሜትር በላይ ነው ሚወጣው። መንገዱ አምባውን አቋርጦ ወደ ደሎ መና ይወርዳል፣ በአፍሪካ ክረምት ከበጋ መኪና ከሚሄድባቸው መንገዶች ከፍተኛው ነው ይባላል። መጀመሪያ ጥድ፣ ከዛ አሜጃ፣ ከዛ አስታ፣ አስታው እያጠረ እያጠረ ሄዶ ጉልበት ታች ይሆንና በድንገት ዛፍ ሚባል ነገር ያልቃል። ከፊታችን ሜዳ ብቻ፣ ብርማ ቁጥቋጦ፣ ድንጋይ፣ ትንንሽ ኩሬዎች፣ እዛም እዚህም ጅብራ ሚባለው ተክል ብቻውን ቆሞ። ፀሐይ ስትወጣ ውርጩ ሁሉ አብለጨለጨ። አባዬ «ይሄ ነው እንዴ?» አለ፣ ሌላ ቃል አልወጣውም።

ጋይዱ ቀስ በሉ አለ፣ መኪናውንም ራሳችሁንም። ቶሎ መራመድ የለም፣ ውሃ መጠጣት ነው፣ ራስ ምታት ከጀመረ ወዲያው መናገር ነው። ወንድሜ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየነዳ እኛ በመስኮት እናያለን። መጀመሪያ ምንም የለም መሰለን። ከዛ ጋይዱ «እንስሳ አትፈልጉ፣ መሬቱን እዩት» አለን፣ እና መሬቱን ስናየው ለካ መሬቱ ይንቀሳቀሳል! አይጥ ነው፣ በየጉድጓዱ አፍ ላይ፣ ወጣ ገባ፣ ወጣ ገባ፣ ሜዳው በሙሉ። ሌሎች ቦታዎች አይጥ ሌሊት ነው ሚወጣው፣ እዚህ ግን ሌሊቱ ስለሚገድል በቀን ፀሐይ ነው ሚበሉት፣ ስለዚህ ቀይ ቀበሮውም በቀን ነው ሚያድነው። እኛ በቀን ልናየው የቻልነው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ሄድን። ጥንቸል፣ ኩሬ ላይ ዝይ፣ ድንጋይ ላይ ጭልፊት የመሰለ ትልቅ ወፍ። ቀበሮ የለም። አባዬ ዝም ብሏል፣ ዝምታውን ስለማውቀው ጨነቀኝ፣ ጉም ሊመጣ ነው እንዴ እያልኩ ሰማዩን አያለሁ።

2 ሰዓት ከሃያ ላይ ጋይዱ እጁን የወንድሜ ትከሻ ላይ አደረገ። ሞተር ጠፋ።

በስተቀኝ ምናልባት ሰማንያ ሜትር ላይ ነች። ሴት ናት አለ ጋይዱ። ቀለሟ እንደ ተወለወለ መዳብ፣ ጉሮሮዋና ደረቷ ነጭ፣ እግሯ ረጅም፣ አፏ ሹል፣ ጭራዋ ጫፉ ላይ ጥቁር። ፎቶ ላይ ትንሽ ነገር ትመስለኝ ነበር፣ አይደለችም፣ ቁመናዋ ሌላ ነው። እየሄደች አይደለም፣ አንድ እግሯን አንስታ እንደቆመች ቀርታለች፣ ዓይኗ አንድ ጉድጓድ ላይ። አባዬ ባይናኩላሩን ይዞ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ወንድሜ ክርኑን ደገፈለት።

ጉድጓዱ የትልቁ ፍልፈል ነው። ይሄ ፍልፈል ከባሌ ውጪ የለም፣ እስከ አንድ ኪሎ ሊመዝን ይችላል፣ ዓይኖቹ አናቱ ላይ ናቸው፣ ከጉድጓዱ ግማሽ አካሉን ብቻ አውጥቶ ዙሪያውን ያለውን ሣር ይግጣል ከዛ ተመልሶ ይገባል። አጠገቡ ብዙ ጊዜ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች፣ ፍልፈሉ ሲቆፍር ሚወጣውን ትል ለመልቀም ትከተለዋለች፣ አደጋ ስታይ ደግሞ ትጮሃለች፣ ፍልፈሉም ይገባል። እና ያቺ ቀበሮ ሚጠበቅባት ሁለቱንም ማታለል ነው። አንድ እርምጃ፣ ቁም። ግማሽ እርምጃ፣ ቁም። ሆዷ መሬት ሊነካ ደረሰ። እኔ ትንፋሼን እንደያዝኩ ረስቼዋለሁ፣ በዛ ከፍታ ላይ ትንፋሽ መያዝ ደግሞ ራስ ያዞራል። ስንት ደቂቃ እንደፈጀ አላውቅም፣ ወንድሜ በኋላ ከቪዲዮው ሲያየው አስራ አንድ ደቂቃ ነው።

ከዛ ዘለለች። አፈር ተበተነ፣ ጭንቅላቷን እስከ ጆሮዋ ጉድጓዱ ውስጥ ከታ በሁለት የፊት እግሯ ስትቆፍር ጭራዋ ብቻ ይታያል፣ እኔ አመለጣት ብዬ ነበር፣ ቀና ስትል አፏ ላይ ተንጠልጥሏል።

እዛው አልበላችውም። ዞር ብላ አንዴ ወደ እኛ አየች፣ ከዛ በቀጥታ ወደ አንድ ድንጋያማ ጉብታ እየሮጠች ሄደች። ጋይዱ ቡችላ ያላቸው ጊዜ ስለሆነ ለነሱ ይዛ እየሄደች ሊሆን ይችላል አለ። በአንድ መንጋ ውስጥ ምትወልደው ዋናዋ ሴት ናት፣ ሌሎቹ ያሳድጋሉ፣ ያደኑትን ያመጣሉ፣ ይጠብቃሉ። ለአደን ግን ለየብቻ ነው ሚሄዱት፣ ለአይጥ መንጋ አያስፈልግም። ወንድሜ ትንሽ ጠጋ ብለን እንከተላት ሲል ጋይዱ አይሆንም አለ፣ በጣም ቁርጥ ባለ ድምፅ። ዋሻውን ሰው ካወቀው እናትየው ቡችሎቹን በብርድ ሌላ ቦታ ልታጓጉዛቸው ትችላለች። ወንድሜ ይቅርታ ጠየቀ።

አባዬ ባይናኩላሩን አወረደና «ተሳስቼ ነው ያስተማርኳቸው» አለ። ምን ማለትህ ነው አልኩት። ያኔ መጽሐፉ የሰሜን ቀበሮ ነበር ሚለው፣ እሱም ሰሌዳ ላይ ስሎ ከቀበሮ ወገን ነው ብሎ አስተምሯል። ሳይንሳዊ ስሙ ካኒስ ሲሜንሲስ ነው። በኋላ በዘረመል ሲጠና ግን ቅርብ ዘመዱ ተኩላ ሆኖ ተገኘ፣ ለዛ ነው በእንግሊዝኛ አሁን የኢትዮጵያ ተኩላ ሚሉት። ጋይዱ «ጋሼ፣ እኛ ጋ ጄደላ ፈርዳ ነው ስሙ» አለው፣ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት፣ ልትወልድ የደረሰች ባዝራን ተከትሎ የእንግዴ ልጁን ስለሚበላ ነው ይላሉ። አባዬ ይሄን ከተማሪዎቹ ሰምቶት ነበር። አሁንም ግን ያ ስህተት ከንክኖታል፣ ፊቱ ላይ ያስታውቃል።

ትንሽ እንደሄድን ከብት ሚጠብቅ ልጅ አገኘን፣ ብርድ ልብስ ለብሶ፣ ከውሻው ጋር። አባዬ በኦሮምኛ ሰላም አለው፣ ልጁ አሸንዳውን አሳየው፣ ችቦ ሚመስለውን ቀይና ቢጫ አበባ፣ ማሩን እንዴት እንደሚመጥጡት። ጋይዱ ቀይ ቀበሮውም ይሄንኑ አበባ እየዞረ ይልሳል አለን፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች እዚሁ ባሌ ያዩትን ጽፈው አውጥተውታል፣ አፉ በአበባው ዱቄት ቢጫ ሆኖ ነው ሚታየው። ሥጋ በል አውሬ ማር ሲልስ!

ልጁ ከሄደ በኋላ ግን ጋይዱ ስለ ውሻው ነገረን፣ እና እዚህ ጋ ቆም ብዬ ልጽፈው እፈልጋለሁ። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው፣ ከግማሽ በላዩ ያለው ባሌ ነው። ጥይት አይደለም በብዛት ሚጨርሳቸው፣ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር ሚባለው የውሻ በሽታ ነው፣ ሁለቱም ከቤት ውሻ ነው ሚተላለፉት። በ2003 እና 2004 እ.ኤ.አ. የእብድ ውሻ በሽታ እዚሁ ባሌ ያለው ዌብ ሸለቆ ውስጥ ገብቶ እዛ ከነበሩት ሦስት አራተኛ ያህሉን ገደለ። በወራት ውስጥ! ከዛም ወዲህ ተመላልሷል። የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ሚባለው ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚህ ይሠራል፣ ሠራተኞቹ በፈረስ እየዞሩ መንጋዎቹን ይከታተላሉ፣ በየመንደሩ ውሻ ይከትባሉ፣ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ለራሱ ለቀበሮው ክትባቱን የፍየል ሥጋ ውስጥ ደብቀው ይሰጡታል። እረኛው ውሻ አያምጣ ማለት ቀላል ነው፣ ሌሊት ጅብ እየመጣ ያለ ውሻ እንዴት ያድራል? አባዬ የልጁን ውሻ ተከትቧል ወይ ብሎ ጠይቆት ነበር፣ ልጁ አዎ አለ፣ ኩራት ነበረው አነጋገሩ ላይ።

ሌላው መኪና ነው። ይሄን እያወራን አንድ ሚኒባስ በኛ አጠገብ እንደ ጥይት አለፈ፣ አቧራው ሳይወርድ ሌላ ፒክአፕ። ጋይዱ መንገድ ላይ ተገጭተው የሞቱ ቀበሮዎች በእጁ አንስቷል። እባካችሁ፣ ሳነቴን ሚያቋርጥ ሰው ካለ፣ ዘመድ ለቅሶም ይሁን ሠርግ፣ እዛ አምባ ላይ ብቻ ቀስ በሉ። ከዳር እዳር ብትዘገዩ ግማሽ ሰዓት ነው ምትዘገዩት።

ቱሉ ዲምቱ ስር ደረስን፣ 4,377 ሜትር፣ ጫፉ ላይ አንቴና አለው። መኪና ይወጣል ግን አባዬ ከንፈሩ ትንሽ ስለጠቆረብኝ እንተወው አልኩ፣ እሱም አልተከራከረም። በዛ ፈንታ ወደ ሀረና ደን ጫፍ ወረድን። አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ከሳነቴ ጠርዝ ወደ ታች ማየት በአውሮፕላን መስኮት እንደ ማየት ነው፣ ከብርዱ ሜዳ በቀጥታ ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ ትገባላችሁ፣ አስታው ዛፍ ሆኖ ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎበት፣ ከዛ ሪራ መንደር፣ ከዛ ቀርከሃው። ቀርከሃው ውስጥ የባሌ ጦጣ አለ፣ ምግቡ በብዛት የቀርከሃ ቅጠል ነው፣ ሁለት አየን መሰለኝ፣ ቅጠሉ ሲነቃነቅና ጭራ ሲያልፍ። ከዛ በታች የዱር ቡናና አንበሳ ያለበት ነው፣ እኛ ግን ሪራ ላይ በማር ዳቦ በልተን ተመለስን።

ስንመለስ 10 ሰዓት አልፏል። ጠዋት ከቆምንበት ብዙም ሳንርቅ ስድስት ሆነው አገኘናቸው። ቀኑን ለየብቻ ሲያድኑ ውለው ማታ ይሰባሰባሉ። አንዱ ከሩቅ እየሮጠ ሲመጣ ሌሎቹ ጆሯቸውን ወደ ኋላ አስተኝተው፣ ጭራቸውን እየቆሉ፣ አፉን እየላሱ፣ አንዷ በደስታ መሬት ላይ ተገለበጠች፣ ያ ቀጭን ጩኸታቸው በነፋሱ መጣ። ከሥራ የመጣ ሰው ቤቱ በር ላይ እንደሚቀበሉት። አባዬ አለቀሰ። ማንም ምንም አላለም፣ ጋይዱም ዞር ብሎ መስኮቱን መጥረግ ጀመረ። ፀሐይ ስትገባ በየቦታቸው ክብ ሆነው ተጠቀለሉ፣ ጭራቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው፣ እዛ ውርጭ ላይ ሜዳው ላይ ነው ሚያድሩት። ሌሊቱን ሆቴል ውስጥ በሁለት ብርድ ልብስ ሆኜ እሱን ሳስብ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ቀን 4፣ ዓርብ

ሌሊት 11 ሰዓት እንነሳለን ተባብለን ነበር፣ አባዬ ግን አይሆንም፣ ትምህርት ቤቱ እስኪከፈት ጠብቁኝ አለ። ድሮ ያስተማረበት ግቢ ሄድን፣ ሕንፃው ተለውጧል፣ በሩ ላይ ያለው ጥድ ግን እሱ የሚያውቀው ነው። ርዕሰ መምህሩን አናገረ፣ ሰውየው በክብር ተቀበለውና የባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ የነበረው ክፍል ውስጥ አስር ደቂቃ ሰጡት። እኔና ወንድሜ በር ላይ ቆመናል።

አባዬ ጠመኔ አነሳና ሳለው። ረጅም እግር፣ ሹል አፍ፣ ጭራው ጫፍ ላይ ጠመኔውን አላሳረፈበትም፣ ሰሌዳው ራሱ ጥቁር ስለሆነ። ከስሩ ጻፈ፦ ካኒስ ሲሜንሲስ፣ ከተኩላ ወገን። ከአርባ ዓመት በላይ በፊት እዚህ ቆሜ ሌላ ነበር ያልኩት፣ ያ ስህተት ነው፣ አላቸው። ውሻ ያለው እጁን ያውጣ አለ፣ ግማሽ ክፍሉ አወጣ፣ የተከተበለት አለ፣ የተወሰኑት አወረዱ፣ ላወረዱት ክትባቱ ሲመጣ ውሻቸውን ይዘው እንዲሄዱ ነገራቸው።

ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እርስዎ አይተውታል?»

«አዎ» አለ አባዬ። «ትላንት ጠዋት፣ 2 ሰዓት ከሃያ ላይ።»